በጓሳ ውርጭ ላይ ሰባት ቤት ሲቆጠር

ጅቡቲ ተወልዶ ጅቡቲ ያረጀ ሰው ስለ ብርድ ቢያወራ ማን ያምነዋል? ከመንዝ ከተመለስኩ ወዲህ ያጫወትኳቸው ወዳጆቼ ሁሉ ግማሹን ሰምተው ይስቃሉ፤ ግማሹን ደግሞ "ደምሴ ጨምሮበታል" ይላሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንዳለ ልጽፈው ወሰንኩ። ደግሞም የሄድኩት ብርድ ልቀምስ አይደለም፤ ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ያሬድ እዚሁ ጅቡቲ ዳቦ ቤት ትሠራ የነበረችውን ገነትን ወደዳት። ገነት የመንዝ ልጅ ናት። አባቷ "እኔ በስልክ ልጅ አልሰጥም፤ ሽማግሌ በእግሩ ይምጣ" ብለው ቁርጡን ስለነገሯት እሷ ቀደም ብላ ወደ አገሯ ገባች። እህቴ አልማዝ ካቻምና አርፋለች። ያሬድ ከእኔ ሌላ የሚልከው ሰው አልነበረውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሙሳ ጋር ተነሣን። ሙሳ የአጣዬ ሰው ነው፤ እኛ ሰፈር ጨርቅ ይነግዳል፤ የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው። ለክርስቲያን ጋብቻ ሙስሊም ሽማግሌ መያዜን አንዳንዶች እዚህ ተገርመውበት ነበር። ሙሳ ግን "በኛ አገር ለሽምግልና የሚፈለገው አፉ የታረመ ሰው ነው" አለኝ። እኔን እየነካ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባቡሩ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ቤታችን ነበር፤ ድሬዳዋ ስንደርስም ሸሚዜን ከፍቼ ነው የወረድኩት። አንድ ጃኬት ብቻ መያዜን ሙሳ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ረቡዕ አዲስ አበባ ገባን። ያገኘነውን ሹፌር ሁሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ "የመንዝ መንገድ ክፍት ነው?" አንዱ "ዛሬ ክፍት ነው" ይላል፤ ሌላው "እንጃ፣ ትናንት መኪና ሲመለስ አይቻለሁ" ይላል። እኛ አገር መርከብ ቢዘገይ ማዕበሉን ነው የሚጠይቁት፤ ቁርጡን ይናገራል። እዚህ ግን ከሰው አፍ ቁርጥ ያለ ነገር አይገኝም። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ሐሙስ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ። ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ስንገነጠል ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው፤ ሙሳ "ቢስሚላህ" ሲል እኔ "ሚካኤል" እያልኩ ሞላሌን አለፍን። ትንሽ እንደሄድን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ቆምን። ጥርሴ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሰማች አንዲት ሴት፣ ከጎኔ የተሳፈረች፣ የደረበችውን ጋቢ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። "እርስዎስ?" ብላት "እኔማ ለምጄዋለሁ፤ እርስዎ እዚሁ ደርቀው እንዳይቀሩ" አለችኝ። መሐል ሜዳ ስንደርስ ልመልስላት ብል እጇን እያወናጨፈች ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከመሐል ሜዳ ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ወደ ጓሳ አፋፍ ወጣን። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ጋሽ ወልደየስ የገነት አባት ጎረቤት ናቸው፤ ያረፍነውም እሳቸው ቤት ነው። የጾም ወቅት ስለሆነ ትኩስ የገብስ ዳቦና ሽሮ በላን። ባለቤታቸው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አምጥተው ሁለታችንንም ጠቀለሉን። ባና ማለት ወፍራም የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ ሰው የተኛባችሁ ያህል ነው። ጅቡቲ በዚያ ሰዓት ሰው ጣሪያ ላይ አንሶላ አንጥፎ ነፋስ ይለምናል።

አርብ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ሄድን። ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚሄደው። አጥሩ በር ላይ ደርሰን ጋሽ ወልደየስ "ቤቶች!" ብለው ተጣሩ።

የገነት አባት አቶ ሽፈራው ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የሚመዝኑ ሰው ናቸው። "ኖር! ምነው በማለዳ? በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወልደየስ። ወጉ እንዲህ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ባለቤቱም ነገሩን ከሰማ በኋላ እንደገና "ተቀመጡ" ካለ ልጄን ሰጥቻለሁ ማለቱ ነው።

ጋሽ ወልደየስ ነገሩን አሳምረው አቀረቡት። ሙሳም የያሬድን ሥራና ጠባይ ተናገረ፤ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አይጠጣም፣ ታላቅ ያከብራል። አቶ ሽፈራው መሬት መሬት እያዩ ሰሙና "መልካም ልጅ ይሆናል፤ አልጠላሁም። ግን ጅቡቲ የሚባለውን አገር እኔ በስሙ ነው የማውቀው። አጥንቱን ለማላውቀው ልጅ እንዴት ብዬ ልስጥ?" አሉ።

እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በወደብ በር ላይ ነው፤ የተዘጋ በር ሲገጥመኝ የማውቀው አንድ መላ "ኧረ ዘመድ እኮ ነን!" ማለት ነው። ሠርቶልኝ ያውቃል። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ፊት ወጣሁ።

"አቶ ሽፈራው፣ እኛ እኮ ባዕድ አይደለንም! የእናቴ እናት የግሼ ሰው ናት። የሸዋዬ አምዴ ትባላለች። ባሏን ተከትላ ነው ወደ ድሬዳዋ የወረደችው። ያሬድ የዚሁ አገር ደም ነው!"

አቶ ሽፈራው ቀና አሉ። "የትኛው አምዴ? የወልደ ጻድቅ ልጅ?"

"እሱ ይሆናል" አልኩ በደስታ።

"እኛም በአባቴ እናት ከወልደ ጻድቅ ነን" አሉ። እኔ በሩ የተከፈተ መስሎኝ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ ሰው የለም። ሙሳ እግሬን ረገጠኝ። አቶ ሽፈራው ጋቢያቸውን አጣፍተው "እንግዲያው ይቆጠራል። ግሼ ያለችው አክስቴ እማሆይ ደብሪቱ ትምጣና ትቁጠረው። እሑድ ሚካኤል ነው፤ ቅዳሴ ሳንገባ ማልዳችሁ ኑ" ብለው ገቡ።

መንገድ ላይ ሙሳ እስኪበቃው ተቆጣኝ። "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም! ሰው ዘመድነቱን በሚደብቅበት ቀን አንተ ዘመድ ይዘህ ትመጣለህ?" እኔ ደንቡን መስማቱን ሰምቼዋለሁ፤ ግን ጅቡቲ ውስጥ ሁለት አያት ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ከየት ይመጣል? ጋሽ ወልደየስ ብቻ በሐዘን "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ" አሉ።

እዚህ ላይ ሙሳም ጋሽ ወልደየስም ያላወቁትን ልንገራችሁ፤ የምጽፈው ባለጉዳዩን አስፈቅጄ ነው። ያሬድ የእህቴ የማኅፀን ልጅ አይደለም። አልማዝ ግቢ ተከራይታ የነበረች አንዲት ምስኪን ልጅ ወልዳው በዚያው ሞተች። አባቱን የሚያውቅ አልተገኘም። አልማዝ ሕፃኑን አቅፋ ሰፈር ቀየረች፤ እኔን ቃል አስገባችኝ። አፌ ለከት የለውም ቢባልም ይህችን ብቻ አውጥቼ አላውቅም። እናም የጓሳን ቁልቁለት ስወርድ ሁለቱንም መንገድ አሰላስል ነበር። ቆጠራው ካልሞላ ጋብቻው ቀረ። ዝምድናውን ለማፍረስ እውነቱን ብናገር ደግሞ ልጁ አጥንቱ የማይታወቅ ሊሆን ነው፤ ያም ይቀራል። በዚያ ላይ ያሬድ ይህን ሲሰማ ምን ይሆናል? ለእህቴስ የገባሁት ቃል?

ቅዳሜ ቀኑ አልመሽ አለኝ፤ የታኅሣሥ ቀን እንዲህ አጭር ሆኖ ሳለ። ጋሽ ወልደየስ አዝነውልኝ ጓሳን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ሜዳው እንደ ባሕራችን ዳርቻው አይታይም፤ በውኃው ፈንታ ሣር ነው። ሰው ለቤቱ ክዳን የሚያጭደው ይህን ሣር ነው፤ ግን መንደሩ መክሮ "ተከፍቷል" ካላለ በቀር አንድ እፍኝ የሚነካ የለም። "የሚጠብቀው ዘበኛስ ማን ነው?" ብላቸው "የአጫጁ የራሱ አያት ነዋ!" አሉኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ነበር። ፎቶ አነሣሁ፤ አሁን ሳየው ሁሉም ደብዝዟል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት በቅሎ ሜዳውን አቋርጣ ስትመጣ አየን። "ያቻት እማሆይ" አሉ ጋሽ ወልደየስ። በቅሎዋ ስትቀርብ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ቢጫ የመነኩሴ ቆባቸው ብቻ ከሩቅ ይታያል። ሲያልፉ አንድ ጊዜ አዩኝና በቅሎዋን ነዱ።

ወደ ማታ ገነት እናቷ የላኩትን ዳቦ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሙሳ ሊሰግድ ወጥቶ ስለነበር ብቻዬን አገኘችኝ።

"ጋሼ ደምሴ፣ ነገ ያለውን ሁሉ ይንገሯቸው" አለችኝ።

"የአያቴን ነገር ነግሬ ጨረስኩ እኮ ልጄ፤ ምን ቀረ?"

"ያለውን ሁሉ ነው ያልኩት" ብላ ዳቦውን አስቀምጣ ሄደች። ሐዘን ያናገራት መሰለኝ።

እሑድ የነጋው የወደቡ መርከበኞች የዓመቱ ረጅም ሌሊት ከሚሉት በኋላ ነው። ጋሽ ወልደየስም "ካህናቱ የታኅሣሥ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላሉ፤ ሌሊቱ ነው የጠና" ብለውኝ ነበር። ፊቴን ልታጠብ ማሰሮውን ስደፋው ውኃው አልወርድ አለ፤ አፉ ላይ ረግቶ ቆዳ አበጅቷል። ውጭው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ሣሩ ሲረገጥ እንደ ቆሎ ይንኳኳል። እነሱ ውርጭ ይሉታል። እኔ ነጭ መሬት ያየሁት አሳል ሐይቅ ጨው ላይ ብቻ ነው፤ ያኛው እግር ያቃጥላል። ይኸኛውም ያቃጥላል ለካ።

አቶ ሽፈራው ግቢ ቆመን ጠበቅን። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ቀላ እንጂ ፀሐይ የለችም። እማሆይ ደብሪቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያዙ፤ አቶ ሽፈራው ቆሙ። ገነትና እናቷ ቤቱ ደጃፍ ላይ ናቸው። እኛን ተቀመጡ ያለን የለም።

"የየሸዋዬ እናት ማን ትባላለች?" አሉኝ እማሆይ።

"ጥሩነሽ።"

"ትክክል። የአምዴ ሚስት ናት፤ አውቃታለሁ" አሉና መቁጠሪያውን በጣታቸው ያዙ። "ልጁ ያሬድ፤ እናቱ አልማዝ፤ እናቷ?"

"በላይነሽ" አልኩ።

"በላይነሽ፤ የሸዋዬ፤ አምዴ፤ ወልደ ጻድቅ" አሉ አንድ አንድ ፍሬ እየጣሉ። ቀጥለው ከገነት ተነሥተው በሌላ በኩል ቆጠሩ። በሁለቱም በኩል ስድስተኛው ፍሬ ላይ ያው ወልደ ጻድቅ ተቀምጦ ተገኘ። "አልሞላም" አሉ። "ስድስት ነው።"

አቶ ሽፈራው ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። "እግዜር አላለውም እንግዲህ። ዘመድ ሆናችሁ መጣችሁ፤ ግቡና ቁርስ ብሉ፤ ነገሩ ግን ቀርቷል" አሉ። ገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ወልደየስ ዘንጋቸውን አንሥተው ሊዞሩ ሆኑ። እኔ ያን ጊዜ የማየው እህቴን ነበር፤ ሕፃኑን አቅፋ "አፍህን ያዝ!" ስትለኝ። ከዚያ ደግሞ ያሬድን፣ ስልኩን ጨብጦ የሚጠብቀውን።

"አንድ ነገር አለ" አልኩ። "ልጁ የእህቴ የሥጋ ልጅ አይደለም።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ያቺን ተከራይ ልጅ፣ ሞቷን፣ አልማዝ ሰፈር መቀየሯን። ሙሳ አፉን ከፍቶ አየኝ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

አቶ ሽፈራው ተቆጡ፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም። "አርብ ዕለት የአገራችን ደም ነው አላችሁ። ዛሬ የማንም አይደለም ትላላችሁ። ነገስ ምን ልትሉኝ ነው?"

ውርጩ በጫማዬ ገብቶ እግሬ የኔ አልመስለኝ ብሏል። የዚያን ጊዜ ገነት ከደጃፉ ወርዳ መጣች።

"አባዬ፣ እኔ አውቃለሁ። ያሬድ ገና ስንተዋወቅ ነው የነገረኝ።"

"ያሬድ?" አልኩ። "ያሬድ ያውቃል?"

"ያውቃል ጋሼ።"

አባቷ ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺ ይህን አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ?"

"ነገሩ የጋሼ ደምሴ ነው አባዬ። እኔ ቀድሜ ባወጣው የገዛ ሽማግሌዬን ዋሾ ማድረጌ ነበር። ያሬድ ግን አልዋሸኝም። ያልዋሸኝን ሰው ነው የፈለግኩት።"

በምሥራቅ የሜዳው ጫፍ ላይ ፀሐይ አንድ ጥፍር ያህል ወጣች። የማንም ፊት ወደዚያ አልዞረም፤ ሁላችንም የምናየው አቶ ሽፈራውን ነበር።

"ነገ ልጄ ብትበደል" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "አባቱን ጥሩልኝ ብል ማን ይመጣል?"

"እኔን ይጥሩ" አልኩ። "አባቱ እኔ ነኝ።"

"ኧረ ቀስ በል!" ብለው ጮኹ እማሆይ ከበርጩማቸው። "አሁን ካወጣኸው ወዲህ ደግሞ መልሰህ ስድስት ቤት ልትዶለው ነው?"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ከዚያ ሙሳ፣ ከዚያ የገነት እናት። አቶ ሽፈራው ሳቃቸውን ሊይዙ ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። እማሆይ ሳይስቁ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ "የሚቆጠረው ሥጋ ነው። ይኸ ሰውዬ ዋስ ልሁን እያለ ነው። ዋስነት ቤት አይቆጠርበትም፤ ልጅህን ስጥ ሽፈራው፣ ቅዳሴው አለፈን።"

አቶ ሽፈራው ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ተቀመጡ እንግዲህ" አሉ። እዚያው ውርጩ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንበር እስኪያመጡልኝ አልጠበቅኩም።

ቀሪው ቀን ደስታ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሚካኤል ቅጥር ሥር ማኅበርተኛው ዳቦ ቆረሰ፣ ጠላ ቀዳ፤ ለሙሳ ለብቻው ብርዝ ተበጠበጠለት። የእኔ ዝምድና እንደሆነ አልፈረሰም፤ የወልደ ጻድቅ ወገን የሆነ ሁሉ እየመጣ ይስመኝ ጀመር። ጅቡቲ ለቅሶ ቢደርስብኝ አጽናኜ ጎረቤት ነው፤ እዚህ በአንድ ጠዋት የሞላ ሜዳ ዘመድ አገኘሁ። ጎረምሶች የገና ጨዋታ ሲጫወቱ "የአምዴ ዘር ይግባ!" ብለው ዱላ ሰጡኝ። የእንጨት ሩሯን ሳልመታ ወደቅኩ፤ ጃኬቴ ክርኑ ላይ ተቀደደ። ገነት ቂጣ ስታድል ፊቷ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

አይሱዙው ሊነሣ ሲል ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ ያሬድ ጋ ደወልኩ። "ሰጥተውሃል" ስለው ጮኸ፤ ከኋላው ጓደኞቹም ሲጮኹ ሰማሁ። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቅኩና "ነግሬያቸዋለሁ ያሬድ" አልኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ልጅ ሆኜ ነው ጋሼ። የድሮ ሰፈራችን ሴትዮ መንገድ ላይ አግኝታ ነገረችኝ።"

"ታዲያ ለአልማዝ ምነው ሳትነግራት ቀረህ?"

"ልነግራት ነበር። ከዚያ ሳያት፣ እንዳላውቅባት ስንት ትደክማለች። የተወለድኩበትን ሌሊት እንኳ ምጡን ሳይቀር ታጫውተኝ ነበር፤ በየዓመቱ ትጨምርበታለች። እኔም እጠይቃታለሁ። አላወቀም ብላ አርፋ ነው የሞተችው።"

ከታች ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሙሳ ወደ ጉብታው ወጥቶ "ምን አለ? ምን አለህ ልጁ?" ብሎ ትከሻዬን ያዘ። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ስልኩን ዘረጋሁለት። ሙሳ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለያሬድ እንኳን ደስ አለህ አለውና እጄን ይዞ አወረደኝ።